የኮሎኔሉ ሥዕል፦ ከፎርት አፓቺ እስከ ዶጋሊ

«አክተሩ አይሞትም።» አባቶቻችን በፒያሳና በመርካቶ ሲኒማ ቤቶች ካውቦይ ፊልም እያዩ፣ እኛ ደግሞ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን የተማርነው የመጀመሪያው የፊልም ሕግ ይህ ነው። አክተሩ ይቆስላል፣ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ ግን ይነሳል። ጥያቄ የለውም።

ጆን ፎርድ በ1948 የሠራው «ፎርት አፓቺ» የተባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይህን ሕግ ይጥሳል። አዛዡ ይሞታል፤ ያውም በራሱ ጥፋት፣ ወታደሮቹንም ይዞ። የሚገርመው ግን ሞቱ አይደለም፤ ከሞቱ በኋላ የሚሆነው ነው። እውነቱን የሚያውቁት ሰዎች እያወቁ ጀግና ያደርጉታል።

ይህን ፊልም ያየ ኢትዮጵያዊ ታሪኩን ሌላ ቦታ እንደሚያውቀው ሊሰማው ይገባል። ፊልሙ ከመሠራቱ 61 ዓመት በፊት፣ ከምጽዋ ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። እዚያም አንድ ኮሎኔል ነበር። እዚያም ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ አንድ የአገሩ ሰው ነበር። ከዚያም በኋላ ሥዕል ተሳለ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሸለቆው

መጀመሪያ ፊልሙን ላላያችሁ። ሌተና ኮሎኔል ኦወን ተርዝደይ (ሄንሪ ፎንዳ) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል የነበረ ሰው ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ማዕረጉ ዝቅ ብሎ አሪዞና በረሃ ውስጥ ያለ አንድ ምሽግ እንዲያዝ ይላካል። ሹመቱን እንደ ግዞት ነው የሚያየው። ስሙን የሚያስመልስለት አንድ ድል ይፈልጋል፣ በቃ። በሥሩ ያለው ካፒቴን ኪርቢ ዮርክ (ጆን ዌይን) ግን አገሩንም ሰዉንም ያውቃል።

አፓቺዎቹ በኮቺስ እየተመሩ ከተከለለላቸው መሬት ወጥተው ሜክሲኮ ገብተዋል። ለምን ቢባል፣ መንግሥት የሾመው ወኪል እየዘረፋቸው ስለሆነ ነው። ሚዛኑ የተጭበረበረ ነው፤ «መጽሐፍ ቅዱስ» ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን ሲከፈት ውስኪ ይወጣል። ዮርክ ድንበር ተሻግሮ ኮቺስን ያናግረዋል። ቢመለስ በክብር እንደሚነጋገሩ ቃሉን ይሰጠዋል። ኮቺስም አምኖ ይመጣል። ተርዝደይ ግን ይህን ቃል ወጥመድ ያደርገዋል። እንዲህ ላለ «አረመኔ» የተሰጠ ቃል ቃል አይባልም ባይ ነው።

ድርድሩ በስድብ ያልቃል። ዮርክ ሸለቆው ውስጥ መግባት ራስን መግደል እንደሆነ ሲያስጠነቅቅ ፈሪ ተብሎ ከጋሪዎቹ ጋር ገመገሙ ላይ እንዲቆይ ይታዘዛል። ተርዝደይ መለከት አስነፍቶ፣ አራት አራት አሰልፎ፣ ፈረሰኞቹን ወደ ጠባቡ ሸለቆ ይነዳቸዋል። አፓቺዎቹ ከግራና ከቀኝ ቋጥኝ ላይ ሆነው ይጠብቋቸው ነበር። ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ፎርድ ለተርዝደይ አንድ ነገር አልነፈገውም። ዮርክ ደርሶ ሊያወጣው ሲል የዮርክን ፈረስና ጎራዴ ተቀብሎ ወደ ሰዎቹ ይመለሳል፣ አብሯቸውም ይሞታል። ፈሪ አልነበረም። ፈሪ አለመሆን ግን ትክክል መሆን አይደለም።

ከዚያ ኮቺስ ራሱ ዮርክ ወዳለበት ጋልቦ ይመጣል። የማረከውን ባንዲራ መሬት ላይ ይተክልና በአቧራው ውስጥ ይመለሳል። ዮርክንና የተረፉትን መግደል ይችል ነበር። አልገደላቸውም።

የመጨረሻው ትዕይንት ከዓመታት በኋላ ነው። ዮርክ አሁን የምሽጉ አዛዥ ሆኗል። ጋዜጠኞች ቢሮው መጥተው፣ ዋሽንግተን ስለተሰቀለውና የተርዝደይን ታላቅ ግስጋሴ ስለሚያሳየው ሥዕል በአድናቆት ያወሩለታል። አይታችሁታል ወይ ይሉታል። ዮርክም ሥዕሉ በሁሉም ነገሩ ትክክል ነው ብሎ ይመልሳል። እኛ ተመልካቾቹ ውሸት መሆኑን እናውቃለን፤ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ከዚያ ዮርክ ልክ የተርዝደይን የመሰለ፣ ከኋላው ማጅራት የሚሸፍን ጨርቅ ያለው ኮፍያ ደፍቶ ይወጣል፤ ጄሮኒሞን ሊያሳድድ።

ፊልሙ ፈጠራ ነው። እውነተኛው ኮቺስ በ1874 ነው የሞተው፣ በሕመም። የተርዝደይ አወዳደቅ የሚመስለው በ1876 ሊትል ቢግሆርን ላይ ከነሰዎቹ ያለቀውን የጄኔራል ከስተርን ነው። የአፓቺዎቹ መጨረሻ ግን ፈጠራ አይደለም። ጄሮኒሞ በሴፕቴምበር 1886 እጁን ሰጠ። ወገኖቹ በባቡር ተጭነው ፍሎሪዳ ታሰሩ፤ ለአሜሪካ ጦር መንገድ ሲመሩ የነበሩት አፓቺዎች ጭምር።

ከዚያ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው የዶጋሊ ጦርነት የሆነው።

ኮረብታው

ምጽዋ በግብፆች እጅ ነበረች። በ1884 አድዋ ላይ በተፈረመው የሂዌት ውል እንግሊዝና ግብፅ ለአፄ ዮሐንስ ቦጎስን ሊመልሱ፣ በምጽዋም በኩል ዕቃ በነፃ እንዲያልፍ ሊያደርጉ ቃል ገቡ። ዮሐንስ በበኩላቸው ማህዲስቶች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። በፌብሩዋሪ 1885 ግን ጣልያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋ ገባች። ውሉ ገና ሁለተኛ ዓመቱን አልያዘም ነበር። የዮርክንና የኮቺስን ቃል እዚህ ላይ አስታውሱት።

መረብ ምላሽን ከአስመራ ሆነው የሚያስተዳድሩት ራስ አሉላ እንግዳ ነበሩ፤ በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ። የተምቤን ገበሬ ልጅ ናቸው። በጉንደትና በጉራዕ ከግብፆች ጋር ተዋግተዋል፤ በ1885 ኩፊት ላይ ማህዲስቶችን አሸንፈዋል። ጣልያኖች ምጽዋ ላይ አልቆሙም። ወደ ደጋው እየተጠጉ ሰሓጢና ውዓ ላይ ወታደር አሰፈሩ። አሉላ ልቀቁ አሏቸው፤ እምቢ አሉ። በ1887 መጨረሻ ለሽምግልና የመጣው እንግሊዛዊው ጄራልድ ፖርታል ሲያነጋግራቸው፣ ጣልያኖች ሰሓጢ የሚመጡት እኔ ሮም ሄጄ ገዥ መሆን ከቻልኩ ነው ማለታቸውን ጽፏል። አባባሉ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ነገሩን እንዲህ በአጭሩ ያስቀመጠ ሌላ ሰው የለም።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1887 (ጥር 1879 ዓ.ም.) አሉላ ሰሓጢን አጠቁ። ጣልያኖቹ ምሽግ ውስጥ ስለነበሩ አልተሳካም፤ ብዙ ሰው ወደቀ። በማግስቱ ጠዋት ለሰሓጢ ስንቅና ጥይት የያዘ 550 ያህል ሰው በሌተና ኮሎኔል ቶማሶ ዴ ክሪስቶፎሪስ እየተመራ ከምንኩሉ ተነሳ። አሉላ መንገድ ላይ ዶጋሊ ጠበቋቸው። መትረየሶቹ ተበላሹ። ዴ ክሪስቶፎሪስ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ተከላከለ፤ ጥይት አለቀ። ከ400 በላይ ሞቱ፣ እሱም ከነሱ አንዱ ነበር። የተረፉት በአብዛኛው ቆስለው ሬሳ መሃል የተኙ ናቸው።

ዴ ክሪስቶፎሪስ ተርዝደይ ነው ማለቴ አይደለም። ስንቅ አድርስ ተብሎ የታዘዘ መኮንን ነው። ተርዝደይን ከፈለጋችሁ ሮም ነው የምታገኙት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዲ ሮቢላንት ከዶጋሊ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ አፍሪካ ውስጥ እግራችን ሥር የሚርመሰመሱ አራት ዘራፊዎችን ያን ያህል ቁም ነገር ልናደርጋቸው አይገባም የሚል ንግግር አድርጎ ነበር። አራት ዘራፊ! አንድ ሠራዊት ከነአዛዡ ሲጠፋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሜዳው ላይ አይጀምርም። የሚጀምረው ከፊት ያለውን ሰው እንደ ሰው መቁጠር ያቃተው አንድ ቢሮ ውስጥ ነው።

ጣልያኖች ወዲያው ሰሓጢንና ውዓን ለቀው ወጡ። አሉላ የጠየቁት ሆነ። ለጊዜው።

ሥዕሉ

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በእኛ ሙያ አንድ ሲስተም ሌሊት ላይ ከወደቀ በማግስቱ ፖስትሞርተም ይጻፋል፦ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ እንዳይደገም ምን እናድርግ። ሰው ለመወንጀል አይደለም። ያልተመረመረ ስህተት ራሱን ስለሚደግም ነው። ሽንፈትም እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ዋጋው መረጃው ነው።

ጣልያን ከዶጋሊ በኋላ ፖስትሞርተም አልጻፈችም። ሥዕል ሳለች።

ለእርዳታ ተልኮ ዘግይቶ የደረሰው ካፒቴን ታንቱሪ፣ ሙታኑ በሥርዓት እንደተሰለፉ ሆነው ወድቀው አገኘኋቸው ብሎ ሪፖርት አደረገ። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር አገሩን አዳረሰች። በሕይወት የቀሩት ከመሞታቸው በፊት ለወደቁት ጓደኞቻቸው የጦር መሣሪያ ሰላምታ ሰጡ የሚል ታሪክም ተጨመረባት። መትረየሱ ለምን ተበላሸ? ያ ሁሉ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ በደንብ ሳይሰለል ለምን ተላከ? እዚያ ምን እንሠራለን? እነዚህ ጥያቄዎች በሰልፉ ውበት ተሸፈኑ። የተጨፈጨፈ ጦር «አምስት መቶዎቹ» የሚባል ጀግና ሆነ።

ሮም ከተማ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ የግብፁ ራምሴስ ዳግማዊ ሐውልት ነበር። በጁን 1887፣ ገና አምስት ወር ሳይሞላ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ለዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ሆኖ ተተከለ፤ ስማቸውም በነሐስ ተጻፈ። አፍሪካን ለመያዝ ሲሉ ለሞቱት መታሰቢያው ራሱ ከአፍሪካ የሄደ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። አደባባዩ እስከ ዛሬ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። ሮም የሄደ ሐበሻ አውቶቡስ የሚጠብቀው እዚያ ነው።

እውነተኛ የቀለም ሥዕልም አለ። የጣልያን መንግሥት በ1888 ሚኬሌ ካማራኖ የሚባለውን ሠዓሊ የዶጋሊን ጦርነት እንዲስል አዘዘው። ካማራኖ ምጽዋ ድረስ ሄዶ ዓመታት ኖረ፤ ቦታውን አጠና፣ ሰዉን አጠና። ግዙፉ ሸራ አሁን ሮም ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ጋለሪ ይገኛል። ሠርቶ የጨረሰበትን ዓመት ተመልከቱ፦ 1896።

ማለትም የአድዋ ዓመት። በሥዕሉ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ያው ስህተት በብዙ እጥፍ ተደገመ። ጠላትን መናቅ ነበር። ከሮም የሚመጣ የክብር ጥያቄ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም ጄኔራሉን ይወቅስ ነበር። አገሩን አለማወቅም ነበር፤ በተሳሳተ ንድፍ ካርታ የተነሳ አንዱ ብርጌድ ከሌሎቹ ተለይቶ ርቆ ሄደ። ራስ አሉላም አድዋ ላይ ነበሩ፤ ሲያዩት አዲስ ነገር የሆነባቸው አይመስለኝም።

የዮርክ ውሸት ዋጋው ይህ ነው። ጆን ፎርድ ራሱ በኋላ ሲጠየቅ፣ አገር የሚያከብረው ጀግና ቢኖረው ይጠቅማል ብሎ መልሷል። እኔ አልስማማም። ሥዕሉ ሙታኑን አያከብርም፤ የሚቀጥሉትን ሟቾች ይመለምላል። ዮርክ የተርዝደይን ኮፍያ ደፍቶ ሲወጣ ከኋላው የሚከተሉት ወጣቶች ሸለቆው ውስጥ ምን እንደተፈጠረ አልተነገራቸውም።

አንበሳው

የዶጋሊ ሐውልት ታሪክ ግን እዚያ አያበቃም፤ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ከቦሌ ተነስታችሁ መስቀል አደባባይን አልፋችሁ ለገሃር ስትደርሱ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ አለ። ፋሺስቶች በወረራው ጊዜ ዘርፈውት ነበር። በ1937 ሮም ውስጥ ያቆሙት የት መሰላችሁ? ከዶጋሊ ሐውልት ሥር። የአሉላ ሂሳብ ተወራረደ ለማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሽንፈት አሁንም ይዘዝ ነበር ማለት ነው። አንበሳው የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው።

በ1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለው ኤርትራዊ ወጣት ቁጣውን የገለጸው እዚያው አንበሳው አጠገብ ነው። እኛ የሰማነውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ጎራዴውን መዞ ፋሺስቶችን እየቀላ እዚያው በጥይት ተመቶ ወደቀ። ሰነዶቹ የሚሉት ሌላ ነው። ሰዎች አቆሰለ፣ ተያዘ፣ እብድ ተብሎ ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተዘጋበት፤ በ1945 እዚያው ሞተ።

የትኛው ይበልጣል? እኔን ሁለተኛው ነው የሚያስለቅሰኝ። ለተዘረፈ አገሩ የተቆጣን ሰው ጤነኛ አይደለህም ብሎ ሰባት ዓመት መዝጋት ቅኝ ግዛት ምን እንደሆነ ከጎራዴው በላይ ይናገራል። እኛ ግን ሥዕሉን መረጥን፤ ሥዕሉ ላይ ዘርዓይ ወዲያው ይሞታል፣ እነዚያ ሰባት ዓመታት የሉም። ለነሱ የተቆጣሁትን ያህል ለእኛም ልቆጣ ይገባኛል።

አሉላ ራሳቸው ስንት ሥዕል እንደሆኑ አስቡ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ የባሕር በር ጠባቂ ናቸው። በ1979 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ ጦርነት መሃል ሆኖ የዶጋሊ መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ በአዲስ አበባና በአስመራ ዓለም አቀፍ ሲምፖዚየም ተደረገ። ምሁራኑ ቁም ነገር ነው የጻፉት፤ መንግሥት ግን ከአሉላ የፈለገው ኤርትራን ያለመልቀቅ ምስክርነት ነበር። ብዙ ኤርትራውያን ደግሞ አሉላን የሚያስታውሱት ከመረብ ማዶ እንደመጣ ኃይለኛ ገዥ ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ዘመቻቸውን በስማቸው ጠሩት። አንድ ሰው፣ አራት ኮፍያ።

በነዚህ በአራቱም ሥዕሎች ጎልቶ የማይታይ ነገር ደግሞ አለ። በ1886፣ ከዶጋሊ ጥቂት ወራት በፊት፣ አሉላ ኩናማና ናራ ላይ ከባድ ዘመቻ አካሂደዋል። ለነዚያ ሕዝቦች አሉላ ገመገም ላይ የቆመው ኮቺስ አይደሉም፤ በፈረስ የሚመጣው ሠራዊት ናቸው። ይህን ማለት ዶጋሊን አይቀንሰውም። አሉላ ጣልያንን ማስቆማቸው ትክክል ነበር፤ ኩናማው ላይ የደረሰውም ደርሷል። ሁለቱንም አብሮ መያዝ የማይችል ታሪክ፣ ታሪክ ሳይሆን ፖስተር ነው።

ገመገሙ ላይ የነበሩት

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የእኛ ዕድሜ ሰው ሥዕል ሲሳል በስልኩ አይቷል። ሠዓሊው ዓመታት ምጽዋ መኖር አላስፈለገውም። ሙዚቃ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቪዲዮ፣ ባንዲራ፤ በአሥር ደቂቃ ይሠራል፣ በአንድ ሰዓት ገርጂም መቀሌም ባሕር ዳርም ይደርሳል። ሁሉም ወገን የራሱን ተርዝደይ ሳለ፤ በሁሉም ሥዕል ላይ ወታደሮቹ በሥርዓት ተሰልፈው ነው የሚወድቁት።

በ«ፎርት አፓቺ» የመጨረሻ ትዕይንት አንዱ ጋዜጠኛ፣ የተርዝደይ ስም ሲታወስ የሌሎቹ መረሳቱ እንደሚያሳዝን ይናገራል። አብሮት የሞተውን የሌላኛውን መኮንን ስም እንኳ በትክክል መጥራት ያቅተዋል፤ ዮርክ ነው የሚያርመው። ይህቺን ትንሽ እርማት ልብ በሉልኝ። ዮርክ ትልቁን ውሸት አሳልፎ ትንሿን ስም ግን አላስነካም። የቻለው እሱን ነበር።

እኛ ከዚያ በላይ እንችላለን። ከጦርነቱ የተመለሱ ሰዎች በየሰፈራችን አሉ፤ አብረውን ታክሲ ይሰለፋሉ፣ አብረውን ቡና ይጠጣሉ። ገመገሙ ላይ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ ምን እንደሆነ ያዩትም እነሱ። ሥዕሉ ትክክል ነው ወይ ብለን ስንጠይቃቸው የምንፈልገውን መልስ አስቀድመን ፊታችን ላይ ካሳየናቸው፣ እንደ ዮርክ በሁሉም ነገሩ ትክክል ነው ይሉናል። ከዚያም ኮፍያውን የሚደፋ ሌላ ሰው ይመጣል።